ከባሕር ወጥቶ ወደ ደጋ፦ ጠላቂን ስለሚይዘው የግፊት ሕመም

ጠላቂው ከውሃ ወጥቶ ጀልባው ላይ ትከሻውን ሲያሻሽ ያየ ሰው «ሲሊንደሩ ከብዶት ነው» ይላል። ጠላቂውም ያንኑ ይላል፤ ይስማሙና ምሳ ይቀርባል። በዚህ ሥራ ላይ ሰው የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ከዚህች ስምምነት ጀምሮ ነው። ስለዚህ ከምክንያቱም ከሕክምናውም በፊት አንድ ደንብ ይቀመጥ፦ ከሲሊንደር አየር እየተነፈሰ ውሃ ውስጥ የቆየ ሰው፣ ከወጣ በኋላ ባሉት 24 ሰዓታት ከዚያ በፊት ያልነበረ ማንኛውም ስሜት ከመጣበት፣ ሐኪም «ሌላ ነው» እስኪል ድረስ የግፊት ሕመም ይዞታል ተብሎ ይታያል። ሕመሙ ቀላል መሆኑ፣ ጠላቂው ልምድ ያለው መሆኑ፣ ጥልቀቱንና ጊዜውን የሚያሰላው የእጁ ኮምፒውተር ምንም ማስጠንቀቂያ አለማሳየቱ ይህን ደንብ አያፈርሱትም።

ይህን የምንጽፈው በተለይ በጅቡቲ፣ በምጽዋ፣ በጅዳ፣ በኤላትና በሲና ዳርቻ ለሚጠልቁ ወገኖች ነው። ቀይ ባሕር ለእኛ ሰው የተለየ አደጋ አለው፤ ከባሕሩ ተነስቶ ጥቂት ሰዓት ከተጓዙ ደጋ ነው። ውሃ ውስጥ ምንም ሳይሳሳት የዋለ ሰው በመመለሻ መንገዱ ላይ ሊታመም ይችላል።

አረፋው ከየት ይመጣል

የአምቦ ውሃ ጠርሙስ እስኪከፈት ድረስ ጥርት ያለ ነው። ጋዙ ውስጡ አለ፣ ግን ግፊት ስለያዘው አይታይም። ክዳኑ ሲላቀቅ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ጋዙም ውሃው ውስጥ ተሟሙቶ መቆየት ስለማይችል አረፋ ሆኖ ይወጣል። ክዳኑን ቀስ እያደረገ የከፈተ ሰው ጥቂት አረፋ ያያል፤ በጥድፊያ የከፈተው ልብሱን ያረጥባል። በጠላቂ ሰውነት የሚሆነው ይኸው ነው። ጋዙ ናይትሮጅን ነው፤ ጠርሙሱ ደግሞ ደሙ፣ ስቡ፣ መገጣጠሚያውና ህብለ ሰረሰሩ።

በባሕር ወለል ላይ ያለው ግፊት 1 አትሞስፌር ይባላል። ወደ ታች በወረድን በየ10 ሜትሩ አንድ አንድ ይጨምራል፤ 10 ሜትር ላይ 2፣ 30 ሜትር ላይ 4 ይሆናል። ከምንተነፍሰው አየር 79 በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን ሲሆን ሰውነት አይጠቀምበትም። ግፊቱ በጨመረ መጠን ግን ወደ ደምና ሥጋ እየተሟሟ ይገባል። ሁሉም የሰውነት ክፍል እኩል አይሞላም። ደም በብዛት የሚያገኙት እንደ አንጎል ያሉት በደቂቃዎች ይሞላሉ፣ በደቂቃዎችም ይለቃሉ። ስብና ጅማት በዝግታ ይሞላሉ፤ ለመልቀቅም ሰዓታት ይፈጃሉ። በቀን ሦስት ዙር፣ ያውም ለአራት ቀን ተከታታይ የጠለቀ ሰው በመጨረሻው ቀን የሚያስቸግረው ይህ ዝግተኛው ክፍል ነው፤ እያንዳንዱ ዙር ለብቻው ሲታይ አጭር ቢሆንም የትናንቱ ቅሪት ላይ ይደመራል።

አረፋው ቧንቧ መዝጋቱ አንዱ ጉዳት ብቻ ነው። የደም ሥሩን የውስጥ ሽፋን ይጎዳል፤ በዚያም ደም መርጋት ይጀምራል፣ ፈሳሽ ከደም ሥር ወጥቶ ወደ ሥጋ ይሰርጋል፣ እብጠት ይመጣል። አረፋው ከጠፋ በኋላም ይህ ሂደት ሊቀጥል ይችላል። ሕክምናው በፈጠነ መጠን የሚሻለው ለዚህ ነው፤ ዘግይቶ የመጣም ሰው «ጊዜው አልፏል» ተብሎ መመለስ የሌለበት ለዚሁ ነው። ከቀናት በኋላም የተጠቀሙ ሰዎች አሉ።

ይህን ሕመም መጀመሪያ በብዛት ያዩት ጠላቂዎች ሳይሆኑ የድልድይ ሠራተኞች ነበሩ። ኒው ዮርክ ውስጥ የብሩክሊን ድልድይ ሲሠራ፣ ውሃ እንዳይገባ አየር በግፊት በተሞላ ግዙፍ ሳጥን ውስጥ ወንዝ ሥር የሚቆፍሩ ሠራተኞች ወደ ላይ ሲወጡ እየተጠማዘዙ ይወድቁ ነበር። ዋና መሐንዲሱ ዋሽንግተን ሮብሊንግ ራሱ በ1872 እ.ኤ.አ. በዚሁ ሕመም ተይዞ ከዚያ ወዲያ ሥራውን ከቤቱ ሆኖ መራ። ፈረንሳዊው ፖል ቤር በ1878 ጥፋተኛው ናይትሮጅን መሆኑን አሳየ፤ በ1908 ደግሞ ጆን ስኮት ሃልዴን በፍየሎች ላይ ሞክሮ የመጀመሪያዎቹን የአወጣጥ ሠንጠረዦች አወጣ። ዛሬ በእጃችን የምናስረው ኮምፒውተር የሚያሰላው የዚያን ሐሳብ ተከታይ ነው።

ሳንባ ሲቀደድ

አረፋ ወደ ደም የሚገባበት ሁለተኛው መንገድ ፈጣን ነው፤ ከናይትሮጅን ብዛትም ጋር አይገናኝም። ጋዝ ግፊቱ በግማሽ ሲቀንስ መጠኑ እጥፍ ይሆናል። 10 ሜትር ላይ ሳንባውን ሞልቶ ትንፋሹን ይዞ የሚወጣ ሰው ወለል ላይ ሲደርስ አየሩ እጥፍ ቦታ ይፈልጋል። ሳንባ ያን አይችልም፤ ይቀደዳል። ሙሉ ሳንባ ከ1 ሜትር ብዙም በማይበልጥ ጥልቀት እንኳ ሊቀደድ ስለሚችል በመዋኛ ገንዳ የሚሰለጥን ጀማሪም ከዚህ አያመልጥም። «አምስት ደቂቃ እንኳ አልቆየም፣ ከአራት ሜትርም አልወረደም» ተብሎ የሚታለፈው ሕመምተኛ እጅግ የሚያሳዝነን ነው፤ አጭር መሆኑ ከናይትሮጅን እንጂ ከዚህኛው አያድንም።

የሚያስከትሉት ነገሮች ይታወቃሉ፦ አየር አልቆ በድንጋጤ መውጣት፣ የክብደት ቀበቶ መጣል፣ የመንሳፈፊያ ጃኬትን አየር በስህተት መሙላት፣ አስም፣ በአክታ የተዘጋ ሳንባ። ጉንፋን ይዞት ደረቱ የሚያፏጭ ሰው ዕለቱን ጀልባው ላይ ቢውል ይሻለዋል። ከተቀደደው ሳንባ የወጣው አየር ወደ ደም ቅዳ ገብቶ አንጎል ጋ ከደረሰ ሰውዬው ከውሃ በወጣ በ10 ደቂቃ ውስጥ ምልክቱ ይታያል፤ ራስን መሳት፣ የግማሽ አካል መዛል፣ መንቀጥቀጥ፣ ዓይን መጋረድ፣ ልክ እንደ ስትሮክ። አንዳንዴ ከአፍ ደም የቀላቀለ አረፋ ይወጣል፤ አንገት ሥር ሲነካ ቆዳው እንደ ደረቅ ቅጠል የሚንኮሻኮሽበትም ጊዜ አለ።

ጀልባ ላይ እነዚህን ሁለት ሕመሞች ለመለየት ጊዜ አይባክን። የመጀመሪያ እርዳታው አንድ ነው። ሊደባለቁም ይችላሉ፤ ከአራት ሰው በአንዱ ያህል ልብ ውስጥ በግራና በቀኝ መካከል በሕፃንነት መዘጋት የነበረበት ቀዳዳ ሳይዘጋ ይቀራል፤ በደም መልስ የመጣው አረፋም ሳንባ ሳያጣራው በዚያ በኩል ወደ አንጎል ያልፋል። አብዛኞቹ ይህ እንዳለባቸው ሳያውቁ ይኖራሉ። ሳይሳሳት ጠልቆ፣ በአንጎል ወይም በውስጥ ጆሮ ወይም በቆዳ ምልክት የታመመ ሰው ልቡ ቢመረመር ተገቢ ነው።

ምልክቶቹ

የመገጣጠሚያ ሕመሙ ብዙ ጊዜ ትከሻ፣ ክርንና ጉልበት ላይ ነው። ጥልቅ፣ ድፍን ያለ፣ ቦታው በጣት የማይጠቆም ሕመም ነው፤ ሲጫኑት አይብስም፣ ሲያሹትም አይለቅም። ቆዳ ላይ ማሳከክ፣ ወይም ሆድና ጀርባ ላይ እንደ እብነ በረድ የተዘነጎረ ሰማያዊና ቀይ መልክ ይወጣል። ይሄኛው በጠቆረ ቆዳ ላይ በቀላሉ ስለማይታይ በቂ ብርሃን ላይ አድርጋችሁ ልብሱን አውልቃችሁ እዩ፤ የሚያሳክከውን ቦታም ጠይቁ። ከእንቅልፍ በኋላም የማይለቅ፣ ከሠራው ሥራ ጋር የማይመጣጠን ድካም ራሱን የቻለ ምልክት ነው።

ከበድ ያሉት የነርቭ ናቸው፦ መደንዘዝ፣ እግር መክበድ፣ ሚዛን ማጣት፣ ድንገተኛ ማዞርና የአንድ ጆሮ መደንቆር፣ የቃላት መምታታት። ወገብን እንደ መቀነት የሚያጠብቅ ሕመም ቀድሞ መጥቶ ከዚያ እግር የሚዝልበት ሁኔታ የህብለ ሰረሰር ጉዳት ስለሆነ አንድ ደቂቃ አይታለፍ። ከደረት መጥበብ ጋር ደረቅ ሳል ከመጣም እንዲሁ።

ሽንት። ሰው ሊናገረው ስለሚያፍር እኛው እንጠይቅ፤ ከወጣህ በኋላ ሸንተሃል ወይ? ሽንት መሽናት አለመቻል የህብለ ሰረሰር ጉዳት ቀደምት ምልክት ነው። ጅቡቲ ውስጥ ይህ ምልክት በሁለት መንገድ ይሸፈናል። አንደኛ ሙቀቱ ስለሚያደርቅ «ውሃ ስላልጠጣሁ ነው» ይባላል። ሁለተኛ ጫት ራሱ ሽንት እንደሚያስቸግር ስለሚታወቅ የቃመ ሰው በእሱ ያሳብባል፤ በዚያ ላይ ጫቱ ድካሙን ስለሚያነሳለት እንደታመመ አይታወቀውም። የጠለቀ ሰው በዚያ ዕለት ባይቅም ለምርመራም ለራሱም ይበጃል።

ከጠቅላላው ምልክት አብዛኛው በ6 ሰዓት ውስጥ ይመጣል፤ ከ24 ሰዓት በኋላ የሚጀምረው ጥቂት ነው፣ ከፍታ ካልተጨመረበት በስተቀር።

በአምስት ደቂቃ የሚሠራ ምርመራ አለ፤ ሐኪም መሆን አያስፈልገውም። ስሙን፣ የት እንዳለ፣ ቀኑን ጠይቁት። ጣታችሁን ግራ ቀኝ፣ ላይ ታች እያንቀሳቀሳችሁ በዓይኑ ብቻ እንዲከተል አድርጉ። ፈገግ በል በሉት፣ ምላሱን ያውጣ፤ ወደ አንድ ወገን ከዞረ መዝግቡ። ከጆሮው አጠገብ ጣታችሁን አሻሹ፣ ሁለቱንም ጆሮ አወዳድሩ። ዓይኑን ጨፍኖ ግራና ቀኝ ፊቱን፣ ክንዱን፣ ሆዱን፣ ጭኑን፣ እግሩን ስትነኩት እኩል ይሰማው እንደሆነ ይንገራችሁ። ጣታችሁን ይጨብጥ፣ ክርኑን ስትገፉት ይቋቋም፣ እግሩን ወደ ላይ ያንሳ። መቆም ከቻለ እግሩን ገጥሞ ዓይኑን ጨፍኖ ለአንድ ደቂቃ ይቁም፤ ከጎኑ ሆናችሁ ለመያዝ ተዘጋጁ። ውጤቱን ከሰዓቱ ጋር ጻፉና በየሰዓቱ ድገሙት። እየባሰበት ወይም እየተሻለው መሆኑን ሐኪሙ የሚያውቀው ከዚህ ወረቀት ነው። ምርመራው ግን ኦክስጅን ከተሰጠው በኋላ እንጂ በፊት አይደለም።

የመጀመሪያው ሰዓት

ኦክስጅን፣ 100 በመቶ፣ ወዲያውኑ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ሳንባው ውስጥ ናይትሮጅን ከሌለ በደምና በአረፋው ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ወደ ሳንባ ለመውጣት የሚገፋው ኃይል ከፍተኛ ይሆናል፤ ደም የተቋረጠበት ሥጋም ኦክስጅን ያገኛል። ሲተነፍስ ብቻ የሚለቅ ቫልቭ ያለው ጭምብል ካለ ይመረጣል፤ ወደ መቶ በመቶ የሚጠጋ ይሰጣል፣ ጋዝም ይቆጥባል። ከሌለ ከረጢት ያለው ጭምብል በደቂቃ 15 ሊትር ተከፍቶ ይደረግ። ከረጢቱ ሲተነፍስ ከሟሸሸ ፍሰቱ አንሷል ማለት ነው። ጭምብሉ በአፍንጫ ዙሪያ ክፍተት ካለው በጎን የሚገባው አየር ናይትሮጅን መልሶ ስለሚያስገባ በእጅም ቢሆን ተጭናችሁ ያዙት። በአፍንጫ የሚገባው ቀጭን ቱቦ ለዚህ ሕመም አይበቃም።

ብዙ ጀልባዎች «ኦክስጅን አለን» ይላሉ፤ ስንት ደቂቃ እንደሚያደርስ ግን አይሰላም። ስሌቱ ቀላል ነው። የሲሊንደሩን ሊትር በግፊቱ ባር ማባዛት፣ ለ15 ማካፈል። 2 ሊትር በ200 ባር 400 ሊትር ስለሆነ 26 ደቂቃ ብቻ ያቆያል። 10 ሊትር በ150 ባር 1,500 ሊትር ነው፤ 100 ደቂቃ። ጀልባው ከጠረፍ አንድ ሰዓት ተኩል የሚርቅ ከሆነ፣ ከጠረፉም ሆስፒታል ሌላ ግማሽ ሰዓት ካለ፣ ሁለተኛው እንኳ አይበቃም። ከመነሳታችሁ በፊት ጠይቁ፣ መለኪያውንም በዓይናችሁ እዩ። የሲሊንደሩ ቫልቭ በዝግታ ይከፈት፤ እጅ ላይ ዘይትም ሆነ የፀሐይ ቅባት አይኑር፤ በአካባቢው ሲጋራ አይጨስ።

ሕመምተኛው በጀርባው ተኝቶ ይቆይ። ራሱን ከሳተ ወይም ካስመለሰው በጎኑ። ቀደም ሲል እግሩን ከፍ፣ ጭንቅላቱን ዝቅ ማድረግ ይመከር ነበር፤ የአንጎል እብጠት ስለሚያባብስ ተትቷል። አይራመድ፣ ዕቃውን አይሸከም። ንቁ ከሆነና ካላስመለሰው ውሃ በቀስታ ይጠጣ፤ አልኮል ፈጽሞ። ብርድ ከሆነ ይሸፈን፣ ግን የሞቀ ሻወር አይግባ፤ ቆዳው በድንገት ሲሞቅ በውስጡ የተሟሟው ጋዝ ቶሎ አረፋ ይሆናል።

ጤና ጣቢያ ከደረሰ አንድ ነገር በቃል ማስረዳት ያስፈልጋል። በአገራችን በደም ሥር የሚሰጥን ማንኛውንም ፈሳሽ «ጉሉኮስ» እንለዋለን። እዚህ ላይ ስሙ ሊያሳስት ይችላል፤ ስኳር ያለበት ፈሳሽ የተጎዳን ነርቭ ያባብሳል። የሚፈለገው ኖርማል ሳላይን ወይም ሪንገር ላክቴት ነው። የሚያስቅ ጋዝ የሚባለው ማደንዘዣ፣ ማለትም ናይትረስ ኦክሳይድ፣ አረፋው ውስጥ ገብቶ ስለሚያሰፋው አይሰጥ። ሽንቱ ካልወጣ ካቴተር ይግባለት። የሳንባ መቀደድ ከተጠረጠረ ደረቱ በራጅ ይታይ፤ በሳንባ ዙሪያ የተጠራቀመ አየር ካለ ቱቦ ሳይገባ ወደ ቻምበር፣ ማለትም ሕመሙ ወደሚታከምበት የግፊት ክፍል፣ መላክ አደገኛ ነው፤ ከቻምበሩ ግፊት ሲወጣ ያ አየር ስለሚያብጥ።

ኦክስጅን ከተሰጠ በኋላ ሕመሙ ብዙ ጊዜ ይለቃል። ያኔ ሕመምተኛው ይነሳል፣ «ዳንኩ» ይላል፣ ጓደኞቹም ደስ ይላቸዋል። አልዳነም። ኦክስጅኑ ሲወልቅ ምልክቱ ከሰዓታት በኋላ ሊመለስ ይችላል፤ ሲመለስም ከመጀመሪያው ይብሳል የሚባልበት ጊዜ አለ። ሐኪም አይቶት እስኪወስን ድረስ ጭምብሉ አይውለቅ።

ወደ ውሃው መልሶ ማስገባትን በተመለከተ ከአንዳንድ ዓሣ አጥማጆችና ከድሮ ጠላቂዎች የሚሰማ ምክር አለ። ግፊት አረፋን እንደሚያሳንስ እውነት ነው። ግን እግሩ እየዛለ ያለ ሰው ባሕር ውስጥ ራሱን ቢስት ይሰምጣል፤ በአየር ከጠለቀ ደግሞ ተጨማሪ ናይትሮጅን ይወስዳል። ለዚህ ሥራ ልዩ ሥልጠና፣ ሙሉ የፊት ጭምብልና በቂ ኦክስጅን ከሌለ አይሞከር።

የምክር መስመር አለ። ዳይቨርስ አለርት ኔትወርክ ወይም በአጭሩ ዳን የሚባለው ድርጅት በ+1 919 684 9111 ሌት ተቀን ይመልሳል፤ የቅርቡን ሥራ ላይ ያለ ቻምበርም ያገናኛል። «ሥራ ላይ ያለ» የሚለው ቃል ከባድ ነው፤ ቻምበር ያለበት ቦታ ሁሉ ሌሊት ባለሙያ የለውም። ሕመምተኛውን ይዞ ከመሄድ በፊት መደወል ግድ ነው።

ቻምበሩ ውስጥ

በአብዛኛው ዓለም የሚሠራበት የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሠንጠረዥ 6 ነው። ሕመምተኛው በብረት ክፍል ውስጥ ሆኖ ግፊቱ በ18 ሜትር ጥልቀት ወደሚገኘው፣ ማለትም 2.8 አትሞስፌር፣ ከፍ ይላል። አረፋው ከነበረበት መጠን ከሲሦ ጥቂት ወደሚበልጥ ይኮማተራል። እዚያ ሆኖ ለ20 ደቂቃ ኦክስጅን፣ ለ5 ደቂቃ አየር፣ እንዲህ እያለ ሦስት ጊዜ ይተነፍሳል። ከዚያ በ30 ደቂቃ ቀስ ብሎ ወደ 9 ሜትር ግፊት ይወጣል፤ እዚያ 15 ደቂቃ አየር፣ 60 ደቂቃ ኦክስጅን፣ ይህም ሁለት ጊዜ። በመጨረሻ በሌላ 30 ደቂቃ ወደ ወለል። ድምሩ 4 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነው። ካልለቀው በሁለቱም ጥልቀት ዙር ይጨመራል፤ በማግስቱም ይደገማል፤ ለውጥ መምጣቱ እስኪቆም ድረስ።

የአየር እረፍቱ የተቀመጠው ኦክስጅን በዚያ ግፊት አንጎልን ስለሚያስቆጣ ነው። የከንፈር መንቀጥቀጥ፣ የጆሮ ጩኸት፣ ማቅለሽለሽ ከተሰማው ወዲያው ይናገር፤ ጭምብሉ ይወልቅለታል። ግፊቱ ሲጨምር ጆሮው ስለሚወጠር አፍንጫውን ይዞ ቀስ ብሎ ይንፋ። ካቃተው ማስቆም መብቱ ነው፤ ችሎ ዝም ማለት የጆሮ ታምቡር ያስቀድዳል።

የእሳት ነገር ደግሞ እዚያ ውስጥ ቀልድ አያውቅም። ላይተር፣ ስልክ፣ የእጅ ማሞቂያ አይገባም፤ ልብሱ ጥጥ ብቻ ነው። ለእኛ ሴቶችና ወንዶች አንድ ነገር ይጨመር፦ ፀጉር ላይ ያለ ቅቤ፣ ቫዝሊን፣ የፀጉር ቅባት ሁሉ ከመግባት በፊት በሳሙና ታጥቦ መውጣት አለበት። ኦክስጅን በበዛበት ቦታ ቅባት ማገዶ ነው። የቻምበሩ ባለሙያ ይህን ልማድ ላያውቀው ስለሚችል ሳትጠየቁ ንገሩ።

ከሕክምናው በኋላ ቢያንስ ለ72 ሰዓት በአውሮፕላን መሄድ አይመከርም፤ ምልክት ከቀረ ደግሞ ከዚያም በላይ። ወደ ባሕር መመለስ የጠላቂ ሐኪም ውሳኔ ነው። የመገጣጠሚያ ሕመም ብቻ የነበረበት ሰው በሳምንታት፣ ነርቩ የተነካ ከዚያ በጣም ዘግይቶ፣ አንዳንዱም ጭራሽ ላይመለስ ይችላል።

ሁለተኛው አወጣጥ

ስለ መጀመሪያው አወጣጥ ማንኛውም ኮርስ ስለሚያስተምር በአጭሩ፦ በደቂቃ ከ9 ሜትር አይፍጠን፣ 5 ሜትር ላይ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይቆም፣ ከዚያ ወደ ወለል ያለችው የመጨረሻዋ 5 ሜትር ከሁሉ ዝግ ትበል። የግፊት ለውጡ የሚበዛው እዚያ ነው። ኮምፒውተር የሚያውቀው ጥልቀትና ጊዜ እንጂ ሰውዬው ውሃ አለመጠጣቱን፣ ሌሊት አለመተኛቱን፣ ሞገድ እየታገለ መዋሉን አያውቅም። ገደቡ ላይ እስኪደርስ አይጠበቅ። በብዙዎች እጅ ያለ የመዝናኛ ሠንጠረዥ 30 ሜትር ላይ 20 ደቂቃ ይፈቅዳል፤ 15 ደቂቃ ላይ መነሳት የሚያሳጣው ነገር የለም። ከወጡ በኋላ መልሕቅ መጎተት፣ ሲሊንደር ማንሳት፣ ስፖርት መሥራት አረፋን ያበዛል፤ ዕቃውን ሌላ ሰው ያውጣው።

አሁን ወደ ደጋው። ከ600 ሜትር በላይ የሚወጣ መንገድ ሁሉ ለጠላቂ እንደ በረራ ይቆጠር። ለበረራ የተለመደው ደንብ ይህ ነው፤ ሳይቆሙ መውጣት የሚቻልበት አንድ ዙር ብቻ ከሆነ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ በቀን ብዙ ዙር ወይም ለብዙ ቀን ከሆነ ቢያንስ 18 ሰዓት፣ የግዴታ መቆሚያ ያለበት ከነበረ ከዚያም በላይ። ይህ ደንብ የተሠራው በአውሮፕላን ውስጥ ጥቂት ሰዓት ቆይቶ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ለሚወርድ ሰው ነው። አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ግን አይወርድም። ቦሌ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የቦይንግ 787 አውሮፕላን ውስጠኛ ግፊት በሰማይ ላይ ሳለ ከ1,800 ሜትር ከፍታ ጋር እኩል ነው። ስለዚህ የአዲስ አበባ አየር ከበረራው ይልቅ የሳሳ ነው፤ ግፊቱ 0.76 አትሞስፌር አካባቢ ነው። ባሕር ላይ የነበረ አረፋ እዚያ ሲደርስ በሲሦ ያህል ያብጣል፤ እንቅልፍ የሚተኛውም እዚያው ነው። የምንመክረው ሳይቀነስ 24 ሰዓት ባሕር ዳር ማረፍ ነው፤ ለብዙ ቀን የጠለቀ ሰው የመጨረሻውን ቀን በሙሉ ለእረፍት ይተወው። ግዙፉን ዓሣ ነባሪ ሻርክ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ በእስኖርክል፣ ማለትም በአፍ በሚያዝ የመተንፈሻ ቱቦ፣ ብቻ የተመለከተ ሰው ይህ አይመለከተውም።

በአውሮፕላን አልሄድም፣ በባቡር ነው የምሄደው የሚል ሰው ያው ነው። ከጅቡቲ የሚነሳው ባቡር ድሬዳዋ ሲደርስ 1,200 ሜትር ገደማ፣ አዳማ ሲደርስ 1,600 ገደማ ላይ ነው፤ ከዚያም ይወጣል። ከምጽዋ አሥመራ በአንድ ጠዋት ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። ከጅዳ ቅዳሜ ጠልቆ እሑድ ለነፋሻ አየር ጣይፍ የሚሄድ ቤተሰብ ከ1,800 ሜትር በላይ ይደርሳል። ኤላት ላይ ደግሞ መንገድ መምረጥ ይቻላል፤ በዓረባ ሸለቆ የሚሄደው 90 ቁጥር መንገድ ዝቅ ብሎ ይቆያል፣ በግብፅ ድንበር በኩል ያለው 12 ቁጥር ግን ከ600 ሜትር በላይ ይወጣል። በሲና ዳርቻ ካለችው ዳሃብ ሌሊት ተነስቶ ፀሐይ ስትወጣ ለማየት ደብረ ሲናን በእግሩ የሚወጣ ጠላቂ 2,285 ሜትር ከፍታ ላይ ይደርሳል፤ ከፍታውም ድካሙም አንድ ላይ ነው። ተራራውን ከመጥለቁ በፊት ይሳለም፤ ባሕሩ በኋላ ይቆየዋል።

የአገር ቤት ሐይቆች ላይ የሚጠልቅ ሰው ስሌቱ ራሱ ይለወጥበታል። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለ የላዩ ግፊት 0.8 አትሞስፌር ያህል ነው። እዚያ 20 ሜትር የጠለቀ ሰው ሠንጠረዡ ላይ 25 ሜትር ብሎ ያንብብ፤ 20 ለ0.8 ሲካፈል የሚመጣው ነው። ኮምፒውተሩም በከፍታ ልክ መስተካከሉን ያረጋግጥ።

ምልክቱ አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ከጀመረ ሆስፒታል ሲገባ የመጀመሪያው ቃሉ «ባሕር ውስጥ ጠልቄ ነበር» ይሁን። ሐኪሙ ይህን ሕመም በዓመታት አንዴ እንኳ ላያየው ስለሚችል እጅ የደነዘዘበት ወጣት ሲያይ ስለ ዲስክ ያስባል። ኦክስጅኑ ከላይ እንደተባለው ይሰጥ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ምክር መስመሩ ይደወል። ወደ ቆላ መውረድ ብቻውን ሕክምና አይደለም። በአየር የሚወሰድ ከሆነ የአውሮፕላኑ ውስጥ ግፊት በባሕር ወለል ልክ እንዲሆን ይጠየቅ፤ በሄሊኮፕተር ከሆነ ከ300 ሜትር በላይ ባይበር።

ከሕመምተኛው ጋር የሚላክ ወረቀት ይዘጋጅ፦ የእያንዳንዱ ዙር ጥልቀትና ጊዜ፣ አየር ወይም ናይትሮክስ (ኦክስጅን የበዛበት አየር)፣ አወጣጡ እንዴት እንደነበር፣ ምልክቱ የጀመረበት ሰዓት፣ ኦክስጅን የተጀመረበት ሰዓት፣ የየሰዓቱ ምርመራ፣ ሽንት የወጣበት ሰዓት። ኮምፒውተሩ ከእጁ ወልቆ ጀልባው ላይ እንዳይቀር፤ አብሮት ይሂድ። አብሮት የጠለቀውም ሰው ተመሳሳይ ጥልቀት ስለነበረ ምንም ባይሰማው ይመርመር። ሰዓቱን ስትጽፉ በእኛ አቆጣጠር «8 ሰዓት» ብላችሁ አትተዉ። ለጅቡቲም ሆነ ለኤላት ሐኪም 8 ሰዓት ጠዋት ነው፤ እናንተ ከቀኑ 8 ማለታችሁ 14:00 ነበር። ከውሃ የወጣበት ሰዓት በእኛ፣ ምልክቱ የጀመረበት በእነሱ አቆጣጠር ከተጻፈ፣ በወጣ በ20 ደቂቃ ምልክቱ የጀመረበትን ሰው በስድስት ሰዓት የዘገየ ያስመስለዋል። በ24 ሰዓት አቆጣጠር ጻፉ፣ አጠገቡም ከውሃ ከወጣ ስንት ደቂቃ እንደሆነ።